ስለ ታመመ እጅና ስለ ጉርሻ

ባለፈው መስቀል ወደ ወልቂጤ ወርጄ ነበር። የጉራጌ ሰው የትም ሠርቶ የትም ቢኖር ለመስቀል አገሩ መግባቱ የታወቀ ነውና፥ በእንግድነት ያረፍሁበት ቤት ከአዲስ አበባ በመጡ ልጆች ተሞልቶ ነበር። የቤቱ እናት ግን እንደ ልማዳቸው በጓዳና በምድጃ መካከል አልተመላለሱም። ከበዓሉ አምስት ወር አስቀድሞ ስትሮክ የሚባለው የአንጎል ሕመም መትቷቸው፥ ቀኝ ጎናቸው ደክሞ፥ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እግራቸው በምርኩዝ መሄድ ጀምሯል፤ ያ ስንት ዘመን እንሰት የፋቀው ቀኝ እጃቸው ግን ጭብጥ እንዳለ ቀርቷል።

ክትፎው በቀረበ ጊዜ እናቲቱ ግራ እጃቸውን ወደ ማንኪያው ሲዘረጉ ሴት ልጃቸው ፈጥና፥ «እማ፥ አንቺ ተዪው፤ እኔ አጎርስሻለሁ» አለች። እርስዋ ሳትጨርስ ታላቅ ወንድምዋ፥ ከእርሱም ቀጥሎ ታናሹ አጎረሱ። ፍቅር ነውና ማን ይነቅፈዋል? እኔ ግን ያንን ቀኝ እጅ አይ ነበር። በጭናቸው ላይ እንደ ተቀመጠ፥ አንድ ሥራ እንኳ ሳይጠየቅ፥ ማዕዱ ተነሣ።

ከቡና በኋላ ታላቁ ልጅ ቀረብ ብሎ በስልኩ ላይ አንድ ሥዕል አሳየኝ። ጣትን የሚያንቀሳቅስ ጓንት ነው። «ይህን ብንገዛላት እጅዋ ይመለሳል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ይህ ሕመም የገባበት ቤት ብዙ ስለ ሆነ፥ ለእርሱ የመለስሁለትን ለእናንተም ልጽፍ ወደድሁ።

ጓንቱ የልጅ መጫወቻ አይደለም፤ የቆየ ታሪክ አለው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ጆሴፍ ማኪበን የሚባሉ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ፥ ልጃቸው በፖሊዮ እጅዋ ቢደክምባት፥ የላስቲክ ቱቦ በተሸመነ ሽፋን ውስጥ አግብተው፥ ጋዝ ሲሞላበት እንደ ጡንቻ የሚኮማተር መሣሪያ ሠሩ። እኒህ ሰው የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ ሲሞከር ከሠራተኞቹ አንዱ ነበሩ። ያው ሰው ስለ አንዲት ልጅ ጣት ሲጨነቅ ማሰብ ያስደንቃል። ኋላም በ2015 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከኮኖር ዋልሽ ጋር የሚሠሩ መሐንዲሶች በጓንት ጀርባ ላይ ለስላሳ ቱቦዎች የተሰፉበትን መሣሪያ አሳተሙ። ውኃ በግፊት ሲገባበት ቱቦው ይታጠፋል፤ ጣትንም አብሮ ያጥፋል። ውኃው ሲመለስ ይዘረጋል። መግፊያው በወገብ ይታጠቃል። በአየር ወይም በቀጭን ገመድ እየሠሩ የተጨበጠውን ጣት ለመክፈት የሚረዱ ሌሎችም አሉ። በገበያ ከሚሸጡት በአንዳንዶቹ ደግሞ ደህናው እጅ ሌላ ጓንት ለብሶ ሲታጠፍ የታመመውም ተከትሎ ይታጠፋል።

ነገር ግን ሕመሙ ያለው በእጅ አይደለም። አጥንቱም ጡንቻውም በቦታው ነው፤ የተጎዳው ትእዛዝ የሚሰጠው አንጎል ነው። ያልተጎዳው የአንጎል ክፍል የጠፋውን ሥራ የሚማረው፥ ሕመምተኛው ራሱ እየሞከረ አንዱን ነገር እጅግ ብዙ ጊዜ ሲደጋግመው ነው። ስለዚህ ሰውዬው ቴሌቪዥን እያየ ጓንቱ ብቻውን ጣቱን ቢያጥፍና ቢዘረጋ፥ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ይረዳ ይሆናል እንጂ አንጎሉ እምብዛም አይማርም። በብሪታንያ 770 ሕሙማን የገቡበትና በ2019 የታተመው ጥናት፥ ክንድን በሮቦት ማሠልጠን ከተለመደው ሕክምና ይልቅ እጅን ለዕለት ሥራ አላበቃም ብሏል። መሣሪያው ጠጣር እንጂ ጓንት አልነበረም፤ ሆኖም ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት ማሰብ ይገባናል። በአንጻሩ በ2006 በአሜሪካ በወጣ ጥናት፥ ጣታቸውና የእጅ አንጓቸው ጥቂት የሚንቀሳቀስላቸው 222 ሰዎች ተመርጠው፥ ለከፊሎቹ ደህናው እጅ ለሁለት ሳምንት ያህል በጓንት ተሸፍኖ የደከመው እንዲሠራ ተገደደ። እነርሱም ከቀሩት ይበልጥ ተሻሻሉ። ይህ ግን በባለሙያ ትእዛዝ እንጂ በግምት አይደረግም።

እንግዲህ ልጁን እንዲህ አልሁት፤ ጓንቱን ብትገዛ አልከለክልህም፤ አስቀድመህ ግን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እጃቸውን ይይላቸው። ከዚያም ሥራ ስጡት። ማንኪያውን በቀኝ እጃቸው አስይዛችሁ፥ እጃችሁን ከእጃቸው በታች አድርጋችሁ ደግፉ፤ ቢፈስስም ይፍሰስ። እንጀራ ሲቆርሱ የደከመው እጅ ትሪውን ይያዝ። መቁጠሪያ የሚይዙ እናት ናቸውና፥ 41 ጊዜ «እግዚኦ» ሲሉ ጣታቸው የቻለውን ያህል ፍሬውን በዚያው አውራ ጣት ይግፉ። ከወልቂጤ ወዲያ በቡታጅራ የማውቃቸው አንድ ልብስ ሰፊ፥ ግራ እጃቸው በደከመ ጊዜ ጨርቁን ተጭኖ እንዲይዝ ብቻ አደረጉት፤ መቀሱን ቀኙ ይይዛል። ደንበኞቻቸው ቀን መጠበቅ ለምደዋል።

ሴት ልጅየዋ መዳፋቸውን ለማጠብ ጣታቸውን በግድ ስትከፍት አይቼ ስለ ነበር ይህንም ነገርኋት፤ የተጨበጠ ጣት በኃይል አይከፈትም። የእጁን አንጓ ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ብታጥፊው ጣቱ ራሱ ይላላል። ከመቀመጫ ስታስነሺአቸውም በደከመው ክንድ አትጎትቻቸው፤ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል።

ሌላው ነገር አጭር ነው። ፊት በአንድ ወገን ሲጣመም፥ ክንድ ሲዝል፥ ንግግር ሲኮላተፍ ሐኪም ቤት መድረስ የሰዓታት ነገር ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በመጀመሪያው 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና፤ እርሱም አንጎል በሲቲ ስካን ታይቶ ደም አለመፍሰሱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ጸበሉ አይከለከልም፤ ነገር ግን መኪናው አስቀድሞ ወደ ሐኪም ይሂድ። የደም ግፊት ክኒንንም በጾም ምክንያት የሚተዉ አሉ፤ ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ።

በትንሣኤ ማግሥት ስልክ ደውዬ ስለ እናቲቱ ጠየቅሁ። ጓንቱ ገና አልተገዛም። ልጅየዋ እንደ ነገረችኝ፥ በበዓሉ ዳቦውን ቀኝ እጃቸው ተጭኖ ይዞ፥ ግራው ቆርሶ፥ ለልጆቻቸው ያደሉት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ማንኪያው ግን እስካሁን ይወድቅባቸዋል።