ኪንታሮትና ይሉኝታ

ራሱን ያመመው ሰው ሕመሙን ለባልንጀራው ሳያፍር ይናገራል። ጥርሱን ያመመውም ጉንጩን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት ሲሄድ ማንም አይታዘበውም። ሕመሙ ከመታጠቂያው በታች የሆነ እንደ ሆነ ግን ያው ሰው አፉ ይያዛል። «ብናገር ምን ይሉኛል?» የሚለው አሳብ ሐኪሙንም ሚስቱንም ወንድሙንም እንደ ዳኛ አድርጎ ያሳየዋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ይህን የመሰለውን ሰው አይተው ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ነገር ወጣት ወንዶች ከሚደብቋቸው በሽታዎች አንዱ ነው፤ ይኸውም በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ የሚወጣው ኪንታሮት ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ስሙን እናጥራ። በቋንቋችን ኪንታሮት የሚለው ቃል የማይዛመዱ ሁለት በሽታዎችን በአንድነት ተሸክሞ ይኖራል። አንደኛው በፊንጢጣ ውስጥና በዙሪያው ያሉት የደም ሥሮች ሲያብጡ የሚመጣው ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ከሆድ ድርቀትና ከማማጥ የሚነሣ ሲሆን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሁለተኛው ቫይረስ በቆዳ ላይ የሚያበቅለው ትንሽ ሥጋ ነው፤ ይህኛው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ ይተላለፋል። ስማቸው አንድ በመሆኑ ብቻ ሰው ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። በመቀመጫው ላይ እብጠት ያገኘ ወጣት ባልደረባውን ሲያማክር፣ ባልደረባው የፊተኛው በሽታ ይዞት የነበረ እንደ ሆነ «እኔን ያዳነኝ ይህ ቅባት ነው» ብሎ ይሰጠዋል። ቅባቱ ለሌላ በሽታ የተሠራ ነውና አይጠቅመውም። ወራት ያልፋሉ፤ ሁለትና ሦስት የነበረው እብጠት ይበዛል። ስለዚህ ኪንታሮት አለብኝ የሚል ሰው «የትኛው ኪንታሮት?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት፤ መልሱን የሚሰጠው ግን የሚያይ ሐኪም እንጂ የሚገምት ጓደኛ አይደለም።

አሁን ስለ ሁለተኛው እንናገር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1907 ጁሴፔ ቹፎ የተባለው ኢጣሊያዊ ሐኪም ኪንታሮትን ፈጭቶ፣ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጥሪያ ካጣራው በኋላ በሰው ቆዳ ውስጥ ቢያስገባው ኪንታሮት በቀለ። በዚህም በሽታውን የሚያመጣው ከባክቴሪያ የረቀቀ ነገር መሆኑ ታወቀ። ይሁን እንጂ የብልት ኪንታሮት ከንጽሕና ጉድለት ወይም ከጨብጥ ፈሳሽ የሚመጣ ነው የሚለው ግምት ብዙ ዘመን ቆየ። በ1954 የአሜሪካ ሐኪሞች ከኮሪያ ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ሚስቶች ጉዳይ በጽሑፍ አወጡ። ባሎቻቸው በተመለሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሚስቶቹ ኪንታሮት ወጣባቸው፤ በሽታው በግንኙነት የሚተላለፍ መሆኑም ከዚያ በኋላ ጎልቶ ታየ። ቀጥሎም ጀርመናዊው ሐራልድ ፀር ሐውዘንና የሥራ ጓደኞቹ የዚህን ቫይረስ ዓይነቶች እየለዩ አወጡ። በ1983 ደግሞ ከዚሁ የቫይረስ ቤተ ሰብ አንዱን በማኅፀን በር ካንሰር ውስጥ አገኙት፤ ፀር ሐውዘንም ለዚህ ሥራው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የቫይረሱ ስም ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ ይባላል። ከ200 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት። ከመቶው ዘጠና ያህሉን የብልት ኪንታሮት የሚያመጡት ቁጥር 6 እና ቁጥር 11 የተባሉት ናቸው። ካንሰር በማምጣት የታወቁት ግን ሌሎች ሲሆኑ ዋናዎቹ ቁጥር 16 እና ቁጥር 18 ናቸው። ስለዚህ ኪንታሮት የወጣበት ሰው ካንሰር ያዘኝ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ማደር የለበትም። ነገር ግን አንድ ሰው ከአንድ የበለጡ ዓይነቶች ሊይዙት ስለሚችሉ ጉዳዩን ችላ ማለትም አይገባም።

በወንድ ላይ ኪንታሮቱ የሚወጣው በብልቱ ዘንግ ወይም ጫፍ፣ በሽንት ቀዳዳው አፍ፣ በቆለጡ ቆዳ፣ በብሽሽቱ፣ እንዲሁም በፊንጢጣው ዙሪያና ውስጥ ነው። አንዳንዱ ጠፍጣፋ ነው፤ አንዳንዱ እንደ አበባ ጎመን ይቆጠቆጣል። ብዙውን ጊዜ አያምም፤ አልፎ አልፎ ያሳክካል፣ ሲነካም ይደማል። ይሁን እንጂ በዚያ አካባቢ የሚታይ እብጠት ሁሉ ኪንታሮት አይደለም። በብልት ጫፍ ዙሪያ ተሰልፈው የሚታዩ ጥቃቅን ዕንቁ መሳይ ነጠብጣቦች በብዙ ጤነኛ ወንዶች ላይ የሚገኙ ተፈጥሮ ናቸው፤ ሕክምናም አያሻቸውም። በሌላ በኩል ቂጥኝ በሁለተኛ ደረጃው ላይ ኪንታሮት የሚመስል እርጥብና ጠፍጣፋ እብጠት ያወጣል። ይህን በኪንታሮት መድኃኒት ሲቀቡት ቢውሉ ቂጥኙ ወደ ውስጥ ገብቶ ልብንና አንጎልን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ይህ ብቻ እንኳ ሰውን ወደ ሐኪም ቤት ለመላክ የሚበቃ ምክንያት ነው። ሐኪሙም የቂጥኝና የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲደረግ ቢያዝ ሰውየውን ስለናቀው አይደለም። እነዚህ በሽታዎች በአንድ መንገድ ስለሚተላለፉና፣ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ኪንታሮቱ የሚበዛና ለመዳን የሚያስቸግር ስለሚሆን ነው።

ይሉኝታ የያዘው ሰው ግን ምን ያደርጋል? በሩን ዘግቶ በምላጭ ይቆርጣል፤ በክር ወይም በፈረስ ጭራ ያሥራል፤ ምንነቱ ያልታወቀ የሚያቃጥል ቅጠል ወይም አሲድ ይቀባል። ምላጩ ያደማል፣ ያመረቅዛል፤ ቫይረሱ ግን በዙሪያው ባለው ቆዳ ውስጥ ተቀምጧልና አይጠፋም። የሚያቃጥለው ነገር በፊንጢጣ ላይ የተደረገ እንደ ሆነ ቁስሉ በጠባሳ ይሽርና መውጫውን ያጠበዋል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ትንሽ እብጠትን ሸሽቶ ለዕድሜ ልክ ሥቃይ ይዳረጋል። ይህን የሚያደርገው ቫይረሱ አይደለም፤ ይሉኝታው ነው።

ሕክምናው ግን ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ሐኪሙ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዘዋል፣ ወይም ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ የተባለውን በጥንቃቄ ይነካዋል፣ ወይም አደንዝዞ ይቆርጠዋል፣ ወይም በኤሌክትሪክ ይተኩሰዋል። በሐኪም ትእዛዝ በቤት የሚቀቡም አሉ። ፖዶፊሎቶክሲን ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ተቀብቶ አራት ቀን ያርፋል፤ ይህም እስከ አራት ሳምንት ይደጋገማል። ኢሚኪሞድ የሚባለው ቅባት ደግሞ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያነሣሣ ነው። እነዚህ በፊንጢጣ ውስጥ ላለው ኪንታሮት በገዛ እጅ የሚደረጉ አይደሉም፤ ሚስቱ ያረገዘች ሰውም ይህንኑ ለሐኪሙ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። የትኛውም መድኃኒት ኪንታሮቱን ያነሣል እንጂ ቫይረሱን ከሥሩ ነቅሎ አይጥልም። ስለዚህ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ተመልሶ የወጣበት ሰው ሐኪሙ አታለለኝ ብሎ መቅረት ሳይሆን፣ ተመልሶ ሄዶ ሕክምናውን መቀጠል አለበት። ጊዜ ሲያልፍ የአብዛኛው ሰው ሰውነት ቫይረሱን በራሱ ኃይል ያሸንፈዋል።

ከሥጋው ቁስል ይልቅ የከፋ ጥፋት የሚደርሰው በቤት ውስጥ ነው። ባል ኪንታሮት ሲያይ ሚስቱን ይጠረጥራል፤ ሚስትም ስታይ ባሏን ትጠረጥራለች። ነገር ግን ቫይረሱ በሰውነት ከገባ በኋላ ኪንታሮቱ እስኪታይ ድረስ ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ያልፋሉ። ከጋብቻ በፊት የገባ ከጋብቻ በኋላ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ኪንታሮት የቫይረስ ምልክት እንጂ የክህደት ማስረጃ አይደለም፤ በዚህ ማስረጃ ትዳር ማፍረስም ፍርደ ገምድልነት ነው። ባል ዝም ማለቱ ግን ጥርጣሬውን ያብሰዋል። የሚሻለው እውነቱን ለሚስቱ ነግሮ፣ ኪንታሮቱ እስኪነሣ ከግንኙነት መታቀብና እርሷም እንድትታይ ማድረግ ነው። ሚስት ሴቶች ሁሉ በየጊዜው ሊያደርጉት የሚገባውን የማኅፀን በር ምርመራ እንዳታስታጉል ማበረታታትም የባል ድርሻ ነው።

በፊንጢጣ ስለሚወጣው አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሉኝታው እጅግ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነውና። ቫይረሱ በፊንጢጣ በሚደረግ ግንኙነት ይተላለፋል፤ ነገር ግን ያለዚያም ከብልት ወደ አካባቢው ቆዳ ሊዛመት ወይም በእጅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እብጠቱን አይቶ በሰውየው ኑሮ ላይ መፍረድ ከዕውቀት የራቀ ነው። እንዴት እንደ መጣበት የሚያውቅ ሰውም ቢሆን ለሐኪሙ እውነቱን ሊናገር ይገባል፤ የሐኪም ሥራ ማከምና ምስጢር መጠበቅ ነው፣ መፍረድ አይደለም። በዚህ አጋጣሚ የጤና ሠራተኞቻችንን የምለምነው ነገር አለኝ። በካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሰው ተሰልፎ እየሰማ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ብሎ መጠየቅ በሽተኛን ከደጅ መመለስ ነው። አንድ ወጣት ስንት ቀን ከይሉኝታው ጋር ታግሎ እዚያ መስኮት እንደ ደረሰ ማን ያውቃል? ጥያቄው በር ተዘግቶ ይጠየቅ።

ስለ መከላከያው ደግሞ፣ ኮንዶም ቫይረሱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የማይሸፍነው ቆዳ ስላለ ፈጽሞ አይከለክልም። «እኔ ተገርዣለሁና አይነካኝም» ማለትም ስሕተት ነው። ትልቁ መከላከያ ክትባት ነው። አውስትራሊያ በ2007 ቁጥር 6፣ 11፣ 16 እና 18ን የሚከላከለውን ክትባት ለልጃገረዶች መስጠት ጀመረች። በአገሪቱ የአባለ ዘር ክሊኒኮች በአዲስ ከሚመረመሩት መካከል፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ከሆነ ሴቶች በ2007 ከመቶው 11 ያህሉ ኪንታሮት ነበረባቸው፤ በ2011 ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ይልቁንም የሚያስደንቀው በዚያ ዕድሜ ያሉ፣ ከሴቶች ጋር ግንኙነት ያላቸውና ራሳቸው ያልተከተቡ ወንዶች ከመቶ 12 ወደ 2 መውረዳቸው ነው። እኅቶቻቸው ተከትበው እነርሱ ዳኑ። በአገራችንም ይኸው ክትባት በ2018 ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። እንግዲህ እኅቱን «ክትባቱ ያመክናል» በሚል አሉባልታ የሚያስቀር ወንድም እርሷን ብቻ ሳይሆን ራሱንም የሚጎዳ መሆኑን ይወቅ። ክትባቱ የወጣውን ኪንታሮት አያድንም፤ ገና ያልገባውን ግን ይከለክላል።

ይህን የመሰለ ነገር በእሑድ ጋዜጣ፣ ቤተ ሰብ በሚያነበው ገጽ ላይ መጻፍ ነውር ነው የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ጨዋነትን እኔም አከብራለሁ። ነገር ግን ጨዋነት አፍን ከስድብ መከልከል ነው እንጂ ዕውቀትን ከበሽተኛ መከልከል አይደለም። ጋዜጣው ዝም ቢል ወጣቱ ዝም አይልም፤ የሚያውቀውን ትቶ የማያውቀውን ይጠይቃል፣ ያገኘውንም ይቀባል።

እንግዲህ ተማሪዎችና በሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ በሰውነታችሁ ላይ የማታውቁት እብጠት ብታዩ ምላጩን አስቀምጡ፤ የጓደኛን ቅባት መልሱ፤ በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ቤት ሂዱ። ለሐኪሙ የምትናገሩት ቃል የሚያሳፍራችሁ ለአምስት ደቂቃ ያህል ነው። ያልተናገራችሁት ግን ከእናንተ አልፎ ወደምትወዷት ሰው ይሻገራል።