ስለ መሐለኛው ቁልፍ

ሊኑክስ በተጫነባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ የሚሠሩ ዕጩ መምህራን ደጋግመው የሚያሰሙት እሮሮ አለ፤ «ኧረ እኔ ያልጻፍኩት ነገር ገባብኝ!» የሚል። ገጹን ዝቅ ለማድረግ የማውሱን ጎማ ሲያሽከረክሩ ጣታቸው ይጠብቅና ጎማው ይጫናል። ቀደም ሲል ከሌላ ፋይል ላይ ሰሌክት ያደረጉት ዓረፍተ ነገር በትምህርት ዕቅዳቸው መካከል ዱብ ይላል። ግማሹ ቫይረስ ነው፣ ግማሹ ማሽኑ አርጅቷል ይላል። አሠልጣኙም አንዳንዴ «አጥፋውና ቀጥል» ብሎ ያልፋል። እኛን ያሳሰበን ይህ የመጨረሻው ነው።

ኮንትሮል ሲ እና ኮንትሮል ቪን ሁላችንም እናውቃለን። ሊኑክስ ግን ሌላም የቆየ መንገድ አለው፤ ጽሑፉን በማውስ ሰሌክት ማድረግ፣ ከዚያም በተፈለገው ቦታ ላይ መሐለኛውን ቁልፍ መጫን ብቻ ይበቃል። ይህ ልማድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ከተጀመረው ኤክስ ዊንዶው ሲስተም ነው። በዚያን ጊዜ ባለ ሦስት ቁልፍ ማውስ የተለመደ ስለነበረ መሐለኛው ቁልፍ ለብቻው ሥራ ነበረው። ጎማው የተስፋፋው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ መጥቶም እዚያው ቁልፍ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሥራ በአንድ ጣት ሥር ሲወድቅ እንግዲህ ምን ይጠበቃል?

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በኤክስ አሠራር ኮፒ የተደረገው ጽሑፍ የትም አይቀመጥም። ጽሑፉ ያለበት ፕሮግራም «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ይላል፤ ለጥፍ ስንል ተቀባዩ ሄዶ ባለቤቱን ይጠይቃል። ባለቤቱ ከተዘጋ የሚሰጥ የለም። ቅጂውን የሚያስቀር ረዳት ፕሮግራም ከሌለ፣ ኮፒ አድርጎ ፋይሉን የዘጋ ሰው ባዶ እጁን የሚቀረው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ለምን አይጠፋም?» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ሰሌክት የተደረገ የይለፍ ቃል በአንድ የጣት ስህተት ሰው በሚያየው ቦታ ሊወድቅ ይችላል። ፋየርፎክስም ቢሆን ባዶ ገጽ ላይ መሐለኛው ቁልፍ ሲጫን ሰሌክት የተደረገውን አድራሻ ይከፍት የነበረውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ መነሻ ማድረጉን ትቷል።

እኛ ግን ከሁሉም ማሽን ይነሳ በሚለው አንስማማም። ሁለት የተለያየ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ መያዝ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የተማሪው ስም በአንዱ፣ ውጤቱ በሌላው። የአማርኛ ኪቦርድ ገና ያልለመደ ሰውም «ኳ»ን ወይም «ጧ»ን ፍለጋ ከሚንከራተት ቀድሞ ከተጻፈ ቃል ላይ አንስቶ ቢለጥፍ ምን አለበት? (የሚሳቅበት ጓደኛ ካለ ይሳቅ!) ስለዚህ የመለማመጃዎቹ ይቆዩና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይነገር። የፈተና ውጤት የሚጠናቀርበት ማሽን ላይ ግን ይዘጋ። እዚያ አንድ ቁጥር በማይገባው ሳጥን ቢወድቅ የሚጎዳው ተማሪው ነው። መዝጊያው በግኖም ዴስክቶፕ ላይ ትዊክስ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ይገኛል።

የሚጠራጠር ካለ ዛሬውኑ ይሞክረው። አንድ ቃል በኮንትሮል ሲ ኮፒ ያድርግ፣ ሌላ ቃል ሰሌክት ብቻ ያድርግ፣ ከዚያ መጀመሪያ በኮንትሮል ቪ፣ ቀጥሎ በመሐለኛው ቁልፍ ይለጥፍ።