የሮስሊን ማነቆ

ከመንገደኛው

ኮሎምቢያ ፓይክና ስካይላይን አካባቢ ቡና ላይ ስለ ሜትሮ ከተነሳ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ወደ እኛስ መቼ ይመጣል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ደቡብ አርሊንግተንን አቋርጦ ወደ ቤይሊስ ክሮስሮድስ የሚወጣው ይህ ጎዳና በቨርጂኒያ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ከሚበዛባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ከሆቴል፣ ከፓርኪንግና ከሆስፒታል ፈረቃ የሚመለሰው ወገናችንም ከተሳፋሪው መካከል ጥቂት አይደለም። ባቡር ግን የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የዋሽንግተን ሜትሮ ባለሙያዎች ያቀረቡት የማስፋፊያ ሐሳብም አይነካውም።

ሐሳቡ ሰማያዊውን መስመር ቀለበት ማድረግ ነው። ከሮስሊን ጣቢያ በአዲስ ዋሻ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ጆርጅታውን ይገባል፤ ከዚያ ዩኒየን ስቴሽንን፣ ኔቪ ያርድንና ናሽናል ሃርበርን አዳርሶ በውድሮ ዊልሰን ድልድይ ላይ ወደ አሌክሳንድሪያ ይመለሳል። ድልድዩ ሲሠራ አንድ ቀን ባቡር እንዲሸከም ታስቦ ስለነበር ይሄኛው ጫፍ የሕልም እንጀራ አይደለም። የሚያስደነግጠው ዋጋው ነው፤ ከ30 እስከ 35 ቢሊዮን ዶላር። ይህ ሲባል ደግሞ ሜትሮ የሚቀጥለውን በጀት ዓመት የ750 ሚሊዮን ዶላር ጉድለት በምን እንደሚሸፍን ጨንቆት ነበር።

ያም ሆኖ ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ የሚያጣጥሉትን አልደግፍም። ቀለበቱ ቢቀር ይቅር፤ የወንዙ ዋሻ ግን መቅረት የለበትም። ምክንያቱ ሮስሊን ነው። ሰማያዊው፣ ብርቱካናማውና ብርማው መስመር ሦስቱም ፖቶማክን የሚሻገሩት እዚያ ባለች አንዲት ዋሻ ነው። በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 26 ባቡር ገደማ ብቻ ታሳልፋለች። ስለዚህ ዳር ላይ አዲስ ሐዲድ በተዘረጋ ቁጥር መሀል ላይ የአንዱ ድርሻ ይቀነሳል።

ይህንን በዓይናችን አይተነዋል። በ2014 የብርማው መስመር የመጀመሪያው ክፍል ታይሰንስን አልፎ እስከ ሬስተን ሲከፈት ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ለአዲሶቹ ባቡሮች በዋሻው ቦታ የተለቀቀላቸው ግን ከሰማያዊው ተወስዶ ነው። ከቫን ዶርንና ከፍራንኮኒያ የሚሳፈር ሰው በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት እንኳ አንድ ባቡር ካመለጠው ሌላውን 12 ደቂቃ መጠበቅ ግዱ ሆነ። ሮስሊን የታችኛው መድረክ ላይ ቆሞ ሰሌዳውን የሚያይ ሰው ብርማ፣ ብርቱካናማ፣ እንደገና ብርማ እያለ ይቆጥር ነበር፤ ሰማያዊ የለም። ኋላ ላይ ልዩነቱ ቢጠብም ዋሻዋ ያው ናት።

ኮሎምቢያ ፓይክም እዚሁ ገመድ ላይ ነው የታሰረው። በ1977 የተከፈተው የፔንታጎን ጣቢያ ሲሠራ ወደ ፓይክ ለሚታጠፍ ቅርንጫፍ የሚሆን የዋሻ መነሻ ተትቶለት ነበር። የስልሳዎቹ እቅድ አውጪዎች ጎዳናውን አልረሱትም ማለት ነው። ታዲያ ነገ ገንዘብ ተገኝቶ ያ መነሻ ቢቀጠል ባቡሩ ወዴት ይሄዳል? ወይ ወደ ሮስሊን ነው፣ እዚያ ቦታ የለም። ወይ በቢጫው ድልድይ ነው፣ ወንዙን እንደተሻገረ ላንፋንት ፕላዛ ላይ ከአረንጓዴው ጋር ይጋፋል። «ወደ እኛስ?» ለሚለው ጥያቄ ሐቀኛው መልስ እንግዲህ «መጀመሪያ ወንዙ» ነው።

ባቡሩ ሩቅ ነው ተብሎ ለፓይክ ትራም ታቅዶለት ነበር። ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ መሆኑ የአርሊንግተንን መራጭ ለሁለት ከፍሎ፣ የካውንቲው ቦርድ በኅዳር 2014 ሰረዘው። ብርማው መስመር በተከፈተ በአራተኛው ወር መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ለጎዳናው የቀረለት አውቶቡስ ነው፤ አውቶቡሱም እንደማንኛውም መኪና መብራትና መጨናነቅ ይጠብቃል።

ብርማው መስመር በኅዳር 2022 ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል። በ2018 ይደርሳል የተባለው ጉድለት ባለባቸው የኮንክሪት ሥራዎችና በሌላም ጣጣ አራት ዓመት ዘግይቶ ነው። (ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሁለት ሻንጣ ሙሉ በርበሬና ሽሮ ይዞ ሜትሮ አይሳፈርም፤ ተቀባዩ መኪና ይዞ መሄዱ አልቀረም።) የተጠቀመው እዚያ የሚሠራው ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን የቀን ፈረቃ ከደረሰው ነው። ሜትሮ በሥራ ቀናት የሚከፈተው በአበሻ ሰዓት ከንጋቱ 11 ላይ ነው፤ የሌሊት 10 ሰዓት ገቢ ግን ዛሬም በራሱ መኪና ወይም በጓደኛው ነው የሚሄደው።

ጆርጅታውን ሜትሮ የሌለው ሀብታሞቹ እንቢ ስላሉ ነው የሚለውን ወሬ በየታክሲው እንሰማለን። የሜትሮን ታሪክ ያጠኑት ግን ዋናው ምክንያት የወንዙ ዳር ቁልቁለትና የዋሻው ጥልቀት፣ እንዲሁም እቅዱ ወደ ቢሮ የሚመላለሰውን ሰው ያሰበ መሆኑ እንደሆነ ይነግሩናል። ወሬው የሚጎዳን ተስፋ ስለሚያስቆርጥ ነው፤ ሁሉ ነገር በጉልበተኛ የሚወሰን የመሰለው ሰው ሕዝብ አስተያየት ይስጥ ሲባል አይሄድም። ሜትሮና ካውንቲው ሐሳብ የሚሰበስቡት ደግሞ መስመሩ ካርታ ላይ ገና በእርሳስ ሳለ ነው። ቁፋሮ ከተጀመረ በኋላ የሚሰማ አቤቱታ ስለ አቧራና ስለ ጩኸት ብቻ ነው።

ዋሻው ዛሬ ቢወሰን እንኳ የሚያልቀው ልጆቻችን ልጅ ሲወልዱ ነው። እስከዚያው ፓይክ ላይ መጠየቅ ያለበት ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድና ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት ቶሎ ቶሎ የሚመጣ አውቶቡስ ነው። ባለ ሬስቶራንቱና ባለ ሱቁ ለደንበኛ መኪና ማቆሚያ ይጠብብናል ማለታቸው አይቀርም። ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸውና ክርክሩ ከቤታችን ይጀምራል።