መጀመሪያ ወረቀቱን አሳዩን

«ውጭ መኖር ይሻላል ወይስ አገር ቤት?» የሚለው ክርክር በዓል በመጣ ቁጥር በቴሌቪዥን ይነሣል፤ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም አይቀርም። ምላሹ የታወቀ ነው። አንዱ ገንዘቡንና የልጆቹን ትምህርት ይቆጥራል፤ ሌላው ብቸኝነቱን፣ ብርዱን፣ እናቱን ሳይቀብር መቅረቱን ያነሣል። በመጨረሻ አንድ አዋቂ ጣልቃ ይገባና «ሁሉም ጥቅምም ጉዳትም አለው፤ ዋናው የሰውየው ጥንካሬ ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

ይህ አስታራቂ መልስ ከሁሉም የከፋው ነው ባይ ነኝ። «ውጭ» የሚባል አንድ ቦታ ያለ፣ እዚያ የደረሰም ሁሉ በአንድ ሚዛን የሚመዘን ያስመስላል። ሰው በባዕድ አገር የሚያገኘውንና የሚያጣውን ከጠባዩም ከናፍቆቱም ቀድሞ የሚወስንለት የያዘው ወረቀት (ፓስፖርቱ፣ ቪዛው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ) ነው። ስደተኛው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ዋሽንግተን አካባቢ ሁለት ሐበሾች ስለ ሦስተኛው ሲያወሩ ብዙ ሳይቆዩ «ወረቀት አለው?» ይባባላሉ። ይህን የማንጠይቀው አገር ቤት የተቀመጥነው ነን።

ሩቅ ሳንሄድ አዲስ አበባን እንይ። ከተማችን የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ስለሆነች፣ በሰው አገር መኖር ምን ያህል ሊመች እንደሚችል በየቀኑ እናያለን። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀጠረው የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያ ደመወዙ የሚሰላው በዶላር ነው፤ ለልጆቹ ትምህርት ድጎማ አለው፤ በየጊዜው አገሩን አይቶ የሚመለስበት ወጪ ይሸፈንለታል። የኤምባሲ ዲፕሎማቱን ደግሞ የ1961 እ.ኤ.አ. የቪየና ስምምነት ከአብዛኛው ግብር ነፃ ያደርገዋል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የእንዲህ ያለው ሰው ደመወዝ በብር ሲመነዘር ወፈረ፤ በብር የሚከፈለው ጎረቤቱ በዚያው ሰሞን ገበያ ወጥቶ ምን እንደገጠመው ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ባለ ዶላሩም ይናፍቃል፣ አላሾፍበትም። ሥራው ካልተስማማው ግን ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ ፓስፖርቱን የሚቀማው አለቃ የለም።

አሁን እህቶቻችን በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩባትን ቤይሩትን እንይ። የሊባኖስ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የወጣው በ1946 እ.ኤ.አ. ሲሆን 7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ ያደርጋታል። በምትኩ ያለው ከፋላ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ስም ጋር ይታሰራል። አሠሪዋ ማዳም ደመወዝ ከለከለቻት እንበል። ወጥታ ሌላ ቤት ብትቀጠር «ጠፋች» ትባላለች፣ ሕገ ወጥ ትሆናለች፣ ትታሰራለች። የከለከለቻት ማዳም ግን ቤቷ ናት። በ2013 መባቻ የአገሪቱ የሥራ ሚኒስቴር ሠራተኛዋ አሠሪዋን ሳታስፈቅድ ውሏን እንድታቋርጥ የሚፈቅድ አዲስ ውል አውጥቶ ነበር፤ የአስመጪ ኤጀንሲ ባለቤቶች ከሰሱ፣ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤትም አገደው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ፣ አሠሪዎች እህቶቻችንን በመኪና አምጥተው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እያራገፉ ሄደዋል። ሳዑዲ ዓረቢያም በ2013 ሠራተኞች አሠሪ መቀየር እንዲቀልላቸው ሕጓን ስታሻሽል የቤት ሠራተኞችን ሳትጨምር ቀርታለች።

እንግዲህ «ዋናው ጥንካሬ ነው» ባዩ ይምጣና የትኛዋ ጥንካሬ ይህን እንደምትሽር ያስረዳን። የጠነከረች እኮ ናት ከሰገነት ወርዳ ስታመልጥ የምትያዘው።

የእኛም መንግሥት ቢሆን ነገሩን የያዘው ከጫፉ ነው። ጥቅምት 2006 ላይ ወደ ዓረብ አገሮች የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ፤ ወር ሳይሞላ ሳዑዲ ዜጎቻችንን በጅምላ ማባረር ጀመረች፤ ከመቶ ስድሳ ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። እገዳው በቆየባቸው ዓመታት ደላላው ሥራ አልፈታም፤ በጅቡቲና በየመን በኩል ሲያሻግር ከረመ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ከተቀባይ አገሮች ጋር ስምምነት መፈራረምንና ሥልጠናን ግዴታ አድርጎ መጣ፤ በጎ እርምጃ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠቃቀም መማርም አይጎዳም። ፓስፖርቷ በማን እጅ እንደሚያድር የማይወስን ስምምነት ግን ከጉዞ ትኬት ብዙም አይለይም።

«ዲቪ የደረሰው ግን ዳነ» ይባላል። በአሜሪካ ሕግ በዓመት እስከ 55,000 ለሚደርሱ የዓለም ዕድለኞች የተመደበ ሎተሪ ነው፤ የሚያስገኘው የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ፣ ግሪን ካርዱ፣ ከአሠሪ ጋር አያስርም፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ዜግነት ለመጠየቅ ያበቃል። ቢሆንም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሠለጠነ ሐኪም እዚያ ለመሥራት አብዛኛውን ጊዜ የፈቃድ ፈተናዎችን አልፎ የሬዚደንሲ ሥልጠናውን ከታች መጀመር አለበት፤ እስከዚያ ኡበር ይነዳል። ወገኖቹ «ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ሠራ» ብለው ሲያመሰግኑት እሰማለሁ። እኔ የሚታየኝ በድሃ አገር ወጪ የተማረ ሐኪም ታክሲ ላይ ሲባክን ነው።

ናፍቆትን እንኳ ወረቀት ነው የሚያከፋፍለው። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች እናቶቻቸው ሞቱ እንበል። ግሪን ካርድ ያለው በማግስቱ ይበርራል፣ ቀብሮ ይመለሳል። ጥገኝነት ጠይቆ ኬዙ ለዓመታት ያልተወሰነለት ግን ከሄደ መመለሻም ኬዝም የለውም፤ አፓርታማው ውስጥ ለቅሶ ይቀመጣል። ሁለቱንም «ስደት ሆድ ያስብሳል» ብለን በአንድ ዜማ ማልቀስ ምን የሚሉት ፍትሕ ነው?

ዓረብ አገር ሠርታ ቤት የሠራች፣ ወንድሞቿን ያስተማረች ስንት አለች የሚለኝ ይኖራል። አለች፤ ክብር ይገባታል። ሎተሪ የደረሰው ሰው መኖሩ ግን ሎተሪን ሥራ አያደርገውም።

በ2014 የገና ሰሞን መንግሥት አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ወደ አገር ቤት እንዲመጣ ጠርቶ ነበር። የመጣው በአብዛኛው የውጭ ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ ገብቶ ለመውጣት ማንንም የማያስፈቅድ ሰው ነው። ሪያድ ያለችው የቤት ሠራተኛ በዚያ ሰሞን ከአገር ለመውጣት የአሠሪዋ ፈቃድ ያስፈልጋት ነበር። ጥሪው እሷንም ይጨምር ነበር የሚል ባለሥልጣን ካለ፣ በየትኛው ወረቀት ትመጣ እንደነበር ይንገረን።