ገና በጠዋቱ ነግራዋለች

በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውን «500 ዴይስ ኦፍ ሰመር» የተባለ ፊልም ካዩት ውስጥ ብዙዎቹ ለአፍቃሪው ለቶም አዝነው፣ ያፈቀራትን ሰመርን ረግመው ነው የሚነሱት። እኔ ስመለከተው የታዩኝ በቅርብ የማውቃቸው ጥንዶች ናቸው፤ ያለ ጥፋቷ የተፈረደባት ሴት አሳዘነችኝ።

ቶም ሎስ አንጀለስ ውስጥ የመልካም ምኞት ካርድ በሚያዘጋጅ ድርጅት ይሠራል፤ ሰመር የአለቃው ረዳት ሆና ትመጣለች። የምር የሆነ ግንኙነት እንደማትፈልግ ከጅምሩ በግልጽ ትነግረዋለች። እሱም በአፉ እሺ ይላል። ዳይሬክተሩ ማርክ ዌብ ይህን የልብና የአፍ መራራቅ የሚያሳየን ቶም ስጦታ ይዞ ሰመር ቤት ግብዣ ሲሄድ ነው። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። በምኞቱ በኩል ሰመር አቅፋ ትቀበለዋለች፤ በእውነቱ በኩል ሰላም ብላው ወደ እንግዶቿ ትዞራለች፣ እሱ መጠጡን ይዞ ለብቻው ይቀራል። ከዚያ ጣቷ ላይ ቀለበት ያያል። የሌላ ሰው ቀለበት።

የማውቃቸው ጥንዶች ነገርም እንዲሁ ነበር፤ ወንዱ ወዳጄ ነው። ሴቷ አብራው መሆን እንደምትወድ፣ ትዳር ግን እንደማታስብ ነግራዋለች፤ ያጫወተኝ ራሱ ነው። «ቀስ በቀስ ትለምዳለች» ብሎ ለሰርጉ እቁብ ገባ። የጋራ ወዳጃችን ሰርግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን ሳለ የሙሽራው አክስት «የእናንተስ መቼ ነው?» አሉ። እሱ ፈገግ ብሎ «ደርሷል፣ እትዬ» አላቸው። እሷ የጎረሰችውን ዋጥ አድርጋ፣ ቁርጥ ባለ ድምፅ «እኛ እንኳ እንዲህ ያለ ሐሳብ የለንም» አለች። ጠረጴዛው በሳቅ ሞላ። አክስትየዋ «አቤት የጨዋ ልጅ!» ብለው ጉንጯን ዳሰስ አደረጉ።

የሚያናድደኝ ይህ ሳቅ ነው። ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ ቤተሰብ ወዲያው እሺ አይልም፤ «እንምከርበት» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሽማግሌዎቹም ይመላለሳሉ። በቤተሰብ መካከል ወጉ ያምራል። ግን ልጅቷ በገዛ አፏ የተናገረችውንም በዚያው ወግ እንሰማዋለን። አልፈልግም ስትል አፈረች፣ ዝም ስትል ተስማማች እንላለን። ታዲያ ምን ብላ ትንገረን?

ቶምን ሆኖ የተጫወተው ጆሴፍ ጎርደን-ሌቪት ራሱ ጥፋቱ ባብዛኛው የቶም እንደሆነ፣ የሚነገረውንም እንደማይሰማ በአደባባይ ተናግሯል። በፊልሙ የቶም ታናሽ እህት ያለፈውን መልሶ እንዲያይ ትመክረዋለች። መልሶ ሲያየው ሰመርን ቀልዱ ሳያስቃት ሲቀር፣ ፊቷ ሲቀዘቅዝ ያገኛታል። ነገሩ ያኔም ፊት ለፊቱ ነበረ።

ወዳጄ ዛሬ «ዕድሜዬን በላችው» ይላል። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ እንቅልፍ ባጣባቸው ሌሊቶች አብሬው አምሽቻለሁ። «አታለለችኝ» ሲል ግን አልቀበለውም። እሷ አሁን ለሌላ ሰው ታጭታለች፣ የሰው አፍም ሁሉ እሷ ላይ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበርን ሰዎች ያለችውን ሰምተናል፤ ቢያንስ እኛ እንመስክርላት።