የመብራት ዋጋ የሚቆረጥበት ወንበር
የሉዊዚያናው ኮሚሽነር ውሳኔና ለገጠር ተመራጮች የሚሰጠው ትምህርት

ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች አንዷ በሆነችው በሉዊዚያና፣ የመብራትና የሌላም አገልግሎት ዋጋ የሚቆርጠው የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ኦገስት 20 ቀን 2025 ባደረገው ስብሰባ ኤንተርጂ የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሦስት ታላላቅ የጋዝ ኃይል ማመንጫዎችን እንዲሠራ በ4 ድምፅ ድጋፍና በ1 ድምፅ ተቃውሞ ፈቅዷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የማመንጫዎቹ ዋና ዓላማ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ የተባለ ኩባንያ በሪችላንድ አውራጃ፣ ሆሊ ሪጅ በተባለው የገጠር ቦታ ለሚያቋቁመው ግዙፍ የኮምፒዩተር መረጃ ማዕከል ኃይል ማቅረብ ነው።

ድጋፍ ከሰጡት አራት ኮሚሽነሮች አንዱ ሚስተር ፎስተር ካምቤል ናቸው። እኒህ ሰው በታላላቅ ኩባንያዎች ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በመናገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት ላላነሰ ጊዜ የታወቁ ፖለቲከኛ ናቸው። ታዲያ የኩባንያ ተቃዋሚ ተብለው የተመረጡት ሰው ለኩባንያ ጥያቄ እጃቸውን ለምን አወጡ? ይህ ጥያቄ የሉዊዚያና ሰዎች ብቻ አይደለም። በሕዝብ ድምፅ ተመርጦ በሕዝብ ንብረትና ዕዳ ላይ የሚወስን ማንኛውም የገጠር መሪ ሊያሰላስለው የሚገባ ጉዳይ ነው።

ኮሚሽኑ እንዴት ተቋቋመ?

የኮሚሽኑ ታሪክ የሚጀምረው ከባቡር ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የአሜሪካ ገበሬ እህሉንና ጥጡን ወደ ገበያ የሚያደርስለት ባቡር ብቻ ስለ ነበር፣ የባቡር ኩባንያዎች የፈለጉትን የጭነት ዋጋ ይጠይቁት ነበር። ገበሬው ሌላ አማራጭ ስላልነበረው ከምርቱ ዋጋ ከፍተኛውን ድርሻ ለማጓጓዣ ይከፍላል። ገበሬዎቹ ተደራጅተው ባሰሙት አቤቱታ ምክንያት በብዙ ግዛቶች የባቡር ዋጋ የሚቆጣጠሩ ኮሚሽኖች ተቋቋሙ። ሉዊዚያናም በ1898 ባወጣችው ሕገ መንግሥት የባቡር ኮሚሽን መሠረተች። በ1921 በወጣው ሕገ መንግሥት ይኸው ኮሚሽን የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ተብሎ ሥልጣኑ ሰፋ። የ1974ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የአባላቱን ቁጥር አምስት አደረገ። እያንዳንዱ አባል ከየምርጫ ክልሉ በሕዝብ ተመርጦ ለ6 ዓመት ያገለግላል።

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች እንዲህ ያሉትን ኮሚሽነሮች የሚሾመው የግዛቱ አገረ ገዢ ወይም ምክር ቤት ነው። በቀጥታ በሕዝብ የሚመረጡት በ10 ያህል ግዛቶች ብቻ ነው። ሉዊዚያና ከነዚህ አንዷ ናት።

የኮሚሽኑ ሥራ ለተመልካች የቁጥር ሥራ ቢመስልም በየቤቱ ማጀት ድረስ ይገባል። የኤሌክትሪክ ኩባንያ በአንድ አካባቢ ብቸኛ ሻጭ ነው። ገዢው ዋጋው ቢከብደው ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ኮሚሽኑ የኩባንያውን ወጪ መርምሮ፣ በወጪው ላይ ተመጣጣኝ ትርፍ ጨምሮ፣ ደንበኛው የሚከፍለውን ዋጋ ይወስናል። በዚህ አሠራር ኩባንያው ብዙ ማመንጫና ብዙ መሥመር በሠራ ቁጥር ትርፍ የሚታሰብበት ካፒታል ይጨምራል። ስለሆነም «ይህ ማመንጫ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ? ወጪውን ማን ይከፍላል?» ብሎ መጠየቅ የኮሚሽነሮቹ ዋነኛ ግዴታ ነው።

ከዚህ ወንበር የተነሳው ሰው

የዚህን ወንበር ጉልበት በመጀመሪያ ያሳየው ሂዩዊ ሎንግ ነው። በሰሜን ሉዊዚያና በዊን አውራጃ በ1893 የተወለደው ሎንግ ነጋዴ፣ ቀጥሎም ጠበቃ ሆኖ ከሠራ በኋላ በ1918 ገና በ25 ዓመቱ ለባቡር ኮሚሽን ተመረጠ። የስልክ ኩባንያው የጠየቀውን የዋጋ ጭማሪ ተቃወመ። በኋላም የኮሚሽኑ አብላጫ ድምፅ ወደ እሱ ሲያዘነብል ጭማሪው ተሽሮ ደንበኞች የከፈሉት ትርፍ ገንዘብ እንዲመለስላቸው ተደረገ። ጉዳዩ በ1922 እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ስታንዳርድ ኦይል በተባለው የነዳጅ ኩባንያ ላይም ተነሳ። በዚህ ዝናው በ1924 ለአገረ ገዢነት ተወዳድሮ ቢሸነፍም በ1928 አሸነፈ። መንገድና ድልድይ አሠራ፤ ለተማሪዎች የመማሪያ መጽሐፍ በነፃ አደለ።

ይሁን እንጂ ሎንግ የግዛቱን ሥልጣን ሁሉ ቀስ በቀስ በእጁ ጠቅልሎ፣ የአሜሪካ ሴኔት አባል ከሆነም በኋላ ምክር ቤቱን ከሩቅ እስከ ማዘዝ ደርሶ ነበር። በሴፕቴምበር 1935 በባተን ሩዥ ከተማ በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ለገጠሩ የቆመ መሪ ቁጥጥር ሲለየው ወዴት እንደሚያመራ የሎንግ ታሪክ በግልጽ ያስረዳል።

የሚስተር ካምቤል ጉዞ

ሚስተር ፎስተር ካምቤልም የሰሜን ሉዊዚያና ሰው ናቸው። በ1947 ተወልደው በቦዢየር አውራጃ በእርሻና በኢንሹራንስ ሥራ ተሰማርተዋል። በ1975 ለግዛቱ ሴኔት ተመርጠው ከ1976 ጀምሮ ለ26 ዓመታት ያህል አገልግለዋል። ከሥራዎቻቸው መካከል በ1986 ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው የትምህርት ጥራት መጠባበቂያ ገንዘብ ይጠቀሳል። ይህ ገንዘብ ከባሕር ዳርቻ ነዳጅ ከተገኘው ገቢ የተቋቋመ ሲሆን፣ ዋናው እየተጠበቀ ከሚያፈራው ትርፍ ትምህርት ቤቶችን ይረዳል። በሉዊዚያና ምድር በሚያልፈው ነዳጅና ጋዝ ላይ ቀረጥ እንዲጣል በተደጋጋሚ ያቀረቡት ሐሳብ ግን የኩባንያዎቹን ተቃውሞ አልፎ ሕግ ሊሆን አልቻለም።

በ2002 ለሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ተወዳድረው የሰሜኑን የምርጫ ክልል ወንበር አገኙ። ከዚያም በኋላ በየ6 ዓመቱ በ2008፣ በ2014 እና በ2020 በድጋሚ ተመርጠዋል። በኮሚሽኑ ውስጥ ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ በ2012 የተወሰነው የእስረኞች ስልክ ጥሪ ዋጋ ቅነሳ ነው። እስረኛ ከቤተሰቡ ጋር የሚነጋገርበት ስልክ ዋጋው ከሌላው እጅግ ይበልጥ ነበር። የሚከፍሉትም በአብዛኛው ድኻ እናቶችና ሚስቶች ነበሩ። እስረኛ ድምፅ የለውም፤ ስለ እሱ መናገርም ለምርጫ አይጠቅምም። ያም ሆኖ ሚስተር ካምቤል ጉዳዩን አንስተው አስወስነዋል።

ከፍ ወዳለ ሥልጣን ለመውጣት ያደረጓቸው ሙከራዎች ግን አልሠመሩም። በ2007 ለአገረ ገዢነት፣ በ2016 ደግሞ ለአሜሪካ ሴኔት ተወዳድረው ተሸንፈዋል። ለሌላው ፖለቲከኛ መሸጋገሪያ የሆነው ወንበር ለሚስተር ካምቤል የዕድሜ ልክ የሥራ ቦታቸው ሆነ።

የሆሊ ሪጅ ውል

ሜታ የመረጃ ማዕከሉን ዕቅድ በይፋ ያስታወቀው በዲሴምበር 2024 ነው። ለመነሻ የተገለጸው ካፒታል 10 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ቦታው ቀድሞ ይታረስ የነበረ ሰፊ መሬት ነው። የሦስቱ ማመንጫዎች ኃይል በድምሩ 2,262 ሜጋ ዋት፣ ወጪያቸውም 3.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። ሥራው ሲጠናቀቅ በማዕከሉ 500 ያህል ቋሚ ሠራተኞች እንደሚቀጠሩ፣ በግንባታው ጊዜ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች እንደሚሰማሩ ተገልጿል።

ሰሜን ምሥራቅ ሉዊዚያና ከአሜሪካ ድኻ አካባቢዎች አንዱ ነው። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሰደዳል። እርሻው በማሽን ከተያዘ ወዲህ የጉልበት ሥራ አንሷል። ሚስተር ካምቤል የሚወክሉት ይህንን አካባቢ ነው። የድጋፋቸው ምክንያትም እንዲህ ያለ ካፒታል ወደ ድኻው ገጠር መምጣቱ የዘመናት ምኞት መሆኑ ነው። ይህ ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ለአካባቢው ሥራ የማይመኝ ተመራጭ የመረጡትን ሰዎች ችግር አያውቅም ማለት ነው።

በአንጻሩ የውሉን ዘመን መመልከት ያስፈልጋል። ሜታ ለኤሌክትሪኩ ለመክፈል ከኤንተርጂ ጋር የተዋዋለው ለ15 ዓመት ነው። የጋዝ ማመንጫ ግን 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ኩባንያው በውሉ ዘመን የሜታ ክፍያ ሌሎቹን ደንበኞች እንደሚጠብቅ ያስረዳል። ከ15 ዓመት በኋላ ሜታ ውሉን ባያድስ ወይም የሚወስደውን ኃይል ቢቀንስስ? ቀሪው የማመንጫ ዕዳ ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጡት የኤንተርጂ ደንበኞች ማለትም በገበሬው፣ በጡረተኛውና በትንሹ ባለ ሱቅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የማመንጫዎቹ ማገዶ የሆነው የጋዝ ዋጋ ቢንርም ጉዳቱ እንዲሁ ነው።

በስብሰባው ብቸኛውን የተቃውሞ ድምፅ የሰጡት ሚስተር ዳቫንቴ ሉዊስ ናቸው። እኒህ ወጣት ኮሚሽነር በ2022 በተደረገው ምርጫ በወንበሩ ላይ የነበሩትን ሰው አሸንፈው የገቡ ሲሆን፣ ሥጋታቸው በደንበኞች ላይ ሊወድቅ የሚችለው ዕዳ ነበር። ድምፃቸው ውሳኔውን ባይለውጠውም ሥጋቱ በመዝገብ እንዲሰፍር አድርጓል። ውሳኔው ከተላለፈ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በኦክቶበር 2025 ሜታ ማዕከሉን ብሉ አውል ከተባለ የገንዘብ ድርጅት ጋር በሽርክና እንደሚያሠራና ሕንፃዎቹን በመጀመሪያ ለ4 ዓመት፣ ከዚያም እያደሰ እንደሚከራይ ተገለጸ። የኪራዩ ውል ከኤሌክትሪኩ ውል የተለየ ነው። ቢሆንም ባለሀብቱ የራሱን መውጫ በር ምን ያህል አስቀድሞ እንደሚያዘጋጅ ያመለክታል። ገበሬው ግን ከመንደሩ መውጫ በር የለውም፤ ዕዳ ቢመጣ የሚያገኘው ከቤቱ ነው።

የመራጩ ድርሻ

ወንበሩን ሕዝብ የሚሰጠው መሆኑ ምን እንደሚጠቅም በሌላዋ ደቡባዊ ግዛት በጆርጂያ ታይቷል። በኖቬምበር 2025 በተደረገው የኮሚሽን ምርጫ፣ በተደጋጋሚ የመብራት ዋጋ ጭማሪ የተማረረው መራጭ ሁለት ነባር ኮሚሽነሮችን በሰፊ ድምፅ አሰናብቶ አሊሺያ ጆንሰንና ፒተር ሃባርድ የተባሉትን አዲስ ተወዳዳሪዎች አስገብቷል። ቀደም ሲል ጥቂት ሰው ብቻ የሚከታተለው ይህ ምርጫ የአገር መነጋገሪያ ሆኗል።

ይሁንና ምርጫ ብቻውን አይበቃም። መራጩ ኮሚሽነሩን በ6 ዓመት አንድ ጊዜ ያገኘዋል። የኩባንያው ጠበቃና ባለሙያ ግን በየሳምንቱ ያገኘዋል። ሰነዱን የሚያዘጋጀው፣ ቁጥሩን የሚያቀርበው፣ በስብሰባው የሚገኘው እሱ ነው። ገበሬው ስለ ውሉ የሚሰማው የወር ሂሳቡ ሲመጣ ከሆነ ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል። የተፈረመ ውል በጩኸት አይፈርስም።

በሚስተር ካምቤል ላይ የሚሰጠው ፍርድም በዚህ መልክ ሊታይ ይገባል። የ50 ዓመት ሥራቸው ለድኻው የቆሙ ሰው መሆናቸውን ያስረዳል። የኦገስት 2025ቱ ድምፅ ብቻውን ይህን አይሽረውም። ነገር ግን መልካም ስም የውል ዋስትና አይደለም። ሰው ያልፋል፤ በ2020 የተሰጣቸው የ6 ዓመት ዘመንም በ2026 የሚያበቃ ነው። በዚያ ቀን የጸደቀው ማመንጫ ግን ኮሚሽነሮቹ ሁሉ ከወንበራቸው ከወረዱ በኋላም ይሠራል፤ ዕዳውም ይቆጠራል።

ማኅበር የሚመራ ሰው ከዚህ የሚይዘው ነገር ግልጽ ነው። ወፍጮም ሆነ የውሃ ፓምፕ፣ መጋዘንም ሆነ የመብራት መሥመር ለመትከል አንድ ድርጅት ሲመጣ የሥራ ተስፋውን ማዳመጥ ተገቢ ነው። ከፊርማ በፊት ግን ሦስት ነገሮች በአባላት ጉባዔ ፊት በግልጽ ሊነበቡ ይገባል። አንደኛ፣ ውሉ ስንት ዓመት ነው? ንብረቱና ዕዳውስ ስንት ዓመት ይቆያሉ? ሁለተኛ፣ ባለሀብቱ ቢሄድ ቀሪውን የሚከፍለው ማን ነው? ሦስተኛ፣ የተቃወመ አባል ካለ ምክንያቱ በቃለ ጉባዔ ሰፍሯል ወይ? የነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያልተጻፈበት ወረቀት ለፊርማ የደረሰ አይደለም። ሊቀ መንበሩ የቱንም ያህል ቢታመን፣ ባለሀብቱም የቱንም ያህል ቢቸኩል፣ መልሱ እስኪገኝ ድረስ ወረቀቱን ለሚቀጥለው ጉባዔ ማሳደር ይሻላል።