አዋጅ ችግኝ አያጠጣም

ባለፈው ክረምት በግቢያችን የችግኝ ተከላ በዓል ተደርጎ ነበር። ንግግር ተደረገ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ እኛም ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን ጭቃ እየረገጥን ተከልን። በጥር ወር ያንኑ ስፍራ ዞረን ብናይ አብዛኞቹ ችግኞች ደርቀው አገኘናቸው። አንዳንዶቹማ ከነፕላስቲካቸው ተተክለው ነበር። ችግኝ አልጎደለም፤ መቆፈሪያ አልጎደለም፤ ትእዛዝም አልጎደለም። የጎደለው በሳምንት አንድ ጣሳ ውሃ የሚያፈስ ሰው ነበር። ያ ሰው ከእኛ በቀር ማን ሊሆን ይችል ነበር?

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ክርክር በተነሣ ቁጥር ከመካከላችን ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው «ዓለምን በጭስ ያጠኑት ባለጸጎቹ አገሮች ናቸው፤ የአፍሪካ ድርሻ ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞላም፤ እኛ ምን አገባን?» የሚል ነው። ክሱ እውነት ነው፤ ባለዕዳውንም መጠየቅ ይገባል። ነገር ግን ድርቅ በዳይና ተበዳይ ለይቶ አይመጣም፤ ዕዳው እስኪከፈል ድረስም አፈራችን ጎርፉን አይጠብቅልንም።

ሁለተኛው መልስ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ሕግ ያውጣ» የሚል ነው። ሕግና ትእዛዝማ መች ጠፋ? አገራችን በ2008 ዓ.ም. የተደረሰው የፓሪስ ስምምነት አባል ናት። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። አዋጅ መኪናን ከጉምሩክ በር ሊመልስ ይችላል፤ በበጋ ችግኝ ማጠጣት ግን አይችልም። ከአዋጁ በኋላ ያለው ሥራ የሰው ሥራ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። በመንዝ ከፍተኛ ቦታ ላይ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። ሕዝቡ «ቄሮ» በሚባል የራሱ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቆታል። ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት እንዳይነካ ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ እስከ ዛሬ በዚያ የሚኖሩት፣ ተራራውም ለጅረቶች ውሃ የሚያቀብለው በዚህ ጥበቃ ነው።

እዚህ ላይ እኛን ተማሪዎችን የሚነካ ነገር አለ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ፤ እንኮራበታለን። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅም ጭሰኛን ነፃ አወጣ። ነገር ግን ቄሮ ከአሮጌው የርስት ሥሪት ጋር የተሳሰረ ስለ ነበረ አብሮ ፈረሰ፤ ጠባቂ ያጣውም ጓሳ ለዘፈቀደ አጨዳና ለእርሻ ተጋለጠ። አዋጁ ባልወጣ አንልም። የምንለው፣ ከላይ የመጣ ሕግ መልካም ቢሆንም እንኳ በታች ያለውን የጎረቤት መተማመን ሲያፈርስ በምትኩ ሌላ ሊሠራለት አይችልም ነው። ጓሳ ዳግም ጥበቃ ያገኘው የየቀበሌው ሰዎች እንደገና ተሰብስበው ሲመክሩና የራሳቸውን ጠባቂ ሲያቆሙ ነው። የክልሉ መንግሥትም ኋላ የሕዝብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አጸናው።

በወላይታ ሁምቦም እንዲሁ ነው። በዚያ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተደራጁ ገበሬዎች፣ ተጨፍጭፎ የተራቆተ 2,728 ሄክታር ተራራ ከከብትና ከመጥረቢያ ከለከሉ። አብዛኛውን ጫካ ያስመለሱት በችግኝ አይደለም፤ ሥሩ ከምድር በታች ያልሞተውን ጉቶ እየገረዙና እየተንከባከቡ ነው እንጂ። ዛፎቹ ላመቁት ካርቦንም ከዓለም ባንክ ገንዘብ ተከፍሏቸዋል። የረዳቸው ድርጅት ነበረ፤ የመጠቀም መብታቸውንም መንግሥት አረጋግጦላቸዋል። ከሕግ አልፎ መሥራት ያለ ሕግ መሥራት አይደለምና። ሆኖም ከብቱን ከተራራው የመለሰው ጎረቤት ለጎረቤት የገባው ቃል ነው።

እንግዲህ የመንዝ ገበሬ ለሣር ደንብ ካወጣ፣ እኛ ለአንድ ግቢ ማውጣት እንዴት ያቅተናል? የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። እያንዳንዱ የመኝታ ሕንፃ የራሱን መደብ ይረከብ፤ ተራ አውጥቶም ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያጠጣ። ማኅበራችን ለተከላው ቀን ካናቴራ ከሚያሳትም የውሃ ጎማ ይግዛ። በጥር ወር የጸደቀውና የደረቀው ተቆጥሮ በዚህ መጽሔት ይውጣ፤ ያደረቀው ሕንፃም ስሙ ይጻፍ። የእኛም ሕንፃ ቢሆን አይቅርለት።

የግቢያችን ጥቂት ዛፎች ዓለምን ያቀዘቅዛሉ ብለን ራሳችንን አናታልልም። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ፣ ዳኛና መምህር ሆነን ወደየወረዳው የምንሄደው እኛው ነን። በራሱ ደጅ የተከለውን ያደረቀ ሰው ገበሬውን ሰብስቦ ስለ ደን ሲያስተምር በምን አፉ ይናገራል?